ሐረጎን በከባድ ማርሽ፣ ኮምቦልቻን በፕሮፔለር

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«እናቴን አዲስ አበባ አሳክሜ ስንመለስ በአውሮፕላን መጣን። ለእሳቸው የመጀመሪያቸው ነው። ኮምቦልቻ ስናርፍ ጓ ብሎ መሬቱን መታው። አሁን ይረጋጋል ስንል ሞተሩ ጭራሽ ጮኸ። እኛም ወደ ፊት ተገፋን። እናቴ ‹ተመልሶ ሊነሳ ነው እንዴ?› ብለው እጄን ጨመቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ያ ሁሉ ፍጥነት በምንድን ነው የሚቆመው? ሞተሩ ለምን ይጮሃል? ፍሬኑ እንቢ ቢልስ?»

መጀመሪያ ለእናትሽ፦ አብሽሩ በያቸው። ያ ጩኸት የመነሳት አይደለም። እንዲያውም ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ መነሳት የለም። ፓይለቱ አንዴ ሞተሩን ወደ ኋላ እንዲገፋ ካዘዘው፣ ደንቡ እዚያው ቁም ነው የሚለው። ሐሳብ መቀየር የሚቻለው ከዚያ በፊት ነው።

እኔ የአውሮፕላን ጥገና ሰው ነኝ። አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነው። ያደግኩት ግን ደሴ ነው። ስለ ፍሬን መጀመሪያ የተማርኩትም ሃንጋር ውስጥ ሳይሆን ሐረጎ ላይ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት።

አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ረዳት አድርጎ ይወስደኛል። ሥራዬ ታኮ መያዝ ነው። አንድ ቀን ከደሴ ጭነን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ከፊታችን ያለው መኪና ኋላ ጎማው አካባቢ ጭስ ይወጣል። ሽታው የተቃጠለ ጨርቅ ይመስላል። አጎቴ አየት አደረገና «ይሄ ልጅ በእግሩ ነው የሚወርደው» አለ። በእግሩ ሲል በፍሬን ብቻ ማለቱ ነው። እሱ ራሱ ገና ከላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ነበር። እየጮኸ፣ እየተንቀራፈፈ ነው የወረድነው። ልጅ ሆኜ መኪናው የሚጮኸው ስለከበደው ይመስለኝ ነበር። ጩኸቱ ራሱ ፍሬን መሆኑ፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አየሽ፣ የጥያቄሽ ግማሽ እዚህ አለ። እስቲ ሁለቱን በቁጥር እናስተያያቸው።

ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ቁልቁለቱ በከፍታ ወደ 600 ሜትር ነው። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ሲወርድ የሆነ ቦታ ማራገፍ ያለበት ጉልበት ወደ 176 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። አሁን ደግሞ አንቺ የመጣሽበትን አውሮፕላን እንውሰድ። የአገር ውስጥ በረራው በብዛት የሚሠራው በኪው 400 ነው፤ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ። ሲያርፍ ቢበዛ 28 ቶን ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ላይ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው እንበል። የተሸከመው ጉልበት ወደ 62 ሚሊዮን ጁል ነው። ከመኪናው ግማሽ እንኳ አይሞላም! ልዩነቱ ጊዜው ነው። መኪናው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ አለው። አውሮፕላኑ ያለው ግማሽ ደቂቃ ነው። የእኛ ሥራ ጣጣው እዚህ ነው የሚጀምረው።

«240 ከየት መጣ?» ካልሽኝ፣ ከኮምቦልቻ ከፍታ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ የሚመጣው ፓይለቱ ፊት ባለው መለኪያ 120 ኖት አካባቢ ነው፤ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ያ መለኪያ ግን የሚለካው ክንፉን የሚመታውን የአየር ኃይል እንጂ መሬት ላይ የሚኬደውን ርቀት አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ጅቡቲ ካለው ሳሳ ይላል። በሳሳ አየር ያንኑ ኃይል ለማግኘት ፈጠን ማለት ግድ ነው፤ 10 በመቶ ያህል። ጉልበት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ 10 በመቶ የጨመረ ፍጥነት ፍሬኑ ላይ 20 በመቶ የሚሆን ሥራ ይጨምራል። ቦሌ ከዚህም ይብሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ፓይለትም የእኛ አገር ፍሬንም ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሠሩት የበለጠ ይለፋሉ።

እንግዲህ ወደ ማረፉ። ማቆም የሚጀምረው መሬት ሲነካ አይደለም። ገና ተራራውን አልፎ ወደ ማኮብኮቢያው ሲዞር ፍላፑ፣ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል፣ ይወርዳል፤ ጎማው ይወጣል። ሁለቱም አየሩን ይይዙታል። ፍላፑ በተጨማሪ ክንፉ በዝግታ እንዲበር ያስችለዋል። በዝግታ የመጣ አውሮፕላን የሚቆመውም በአጭር ነው። አጎቴ ማርሹን ከላይ እንዳስገባው ማለት ነው፤ ቁልቁለቱ መሐል ላይ ከታሰበ ረፍዷል።

ቀጥሎ ያ ጓ ያለው ነገር። ብዙ ሰው ለስላሳ ማረፍን የፓይለት ጉብዝና ያደርገዋል፤ ያጨበጭባልም። እኔ አላጨበጭብም። በዚያ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ማለት ወደ 67 ሜትር ነው። ለስላሳ ለማድረግ ሲባል ሦስት ሰከንድ ከተንሳፈፈ 200 ሜትር አስፋልት ከኋላ ቀረ። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ጠንከር አድርጎ ማስቀመጥ ራሱ ሙያ ነው። ጎማው ውሃውን ሰንጥቆ አስፋልቱን መያዝ አለበት። እናትሽ የሰሙት ጓታ ምናልባት ፓይለቱ አውቆ ያደረገው ነው።

ጎማው መሬት ሲነካ እየዞረ አይደለም። ከዜሮ ተነስቶ በዓይን ጥቅሻ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መዞር አለበት። ያቺ ቡፍ የምትል ነጭ ጭስ ከዚያ የምትመጣ ናት። በዚያች ቅጽበት ፓይለቱ ፍሬኑን ረግጦ ቢሆን እንኳ ሲስተሙ አይሰጠውም። ጎማው መዞሩን እስኪያረጋግጥ ይይዝበታል። ቆሞ የተንሸራተተ ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ተልጦ ይፈነዳልና።

አሁን ሰው የማያየው፣ ለእኔ ግን ዋናው የሆነ ነገር አለ። አውሮፕላኑ መሬት ነካ ማለት መሬት ላይ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ክንፉ አሁንም መብረር ይፈልጋል። አብዛኛው ክብደት ገና እሱ ላይ ነው፤ ጎማው ላይ ያለው ትንሽ ነው። ባዶ አይሱዙ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ እንዴት እንደሚንሸራተት አይተሽ ይሆናል። ፍሬኑ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ጎማውን መሬት ላይ የሚጫን ነገር ስላጣ ነው። አውሮፕላን ላይ መፍትሔው ስፖይለር ነው። ክንፉ ላይ ተኝተው የነበሩ ጠፍጣፋ ሳንቃ መሳይ ነገሮች ብድግ ብለው ይቆማሉ። በክንፉ ላይ የሚፈሰውን አየር ይሰብሩታል። ክንፉ መሸከሙን ይተዋል፤ ክብደቱ በሙሉ ጎማው ላይ ይወርዳል። ስፖይለር ነፋስ ስለሚይዝም ያዘገያል። ትልቁ ውለታው ግን ለፍሬኑ መያዣ መስጠቱ ነው። ስፖይለሩ ሳይነሳ ቀርቶ ማኮብኮቢያው አልበቃ ያላቸው አውሮፕላኖች በዓለም ላይ ነበሩ፤ ፍሬናቸው ግን ጤነኛ ነበር።

ወደ ጩኸቱ መጣሁ።

ኪው 400 ላይ እያንዳንዱ ፕሮፔለር 6 ምላጭ አለው። ዳር እስከ ዳር ከ4 ሜትር በላይ ነው። ምላጮቹ ማዕዘናቸውን መቀየር ይችላሉ። በበረራ ላይ ዘንበል ብለው አየሩን እየቆረሱ ወደ ኋላ ይገፋሉ። መሬት ሲነካ ፓይለቱ እጀታውን ከበረራ መስመር አሳልፎ ወደ ኋላ ይስበዋል። መካከል ላይ መከልከያ አለ፤ በስህተት አየር ላይ እንዳይሳብ። ከዚያ ምላጮቹ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ሰፌድ ይዘሽ በነፋስ ላይ መሄድ አስቢ። በጠርዙ ከያዝሽው አይሰማሽም። ፊቱን ለነፋሱ ከሰጠሽው ወደ ኋላ ይጎትትሻል። ሁለቱ ፕሮፔለሮች በዚያች ቅጽበት 4 ሜትር የሚሰፋ ሰፌድ ሆኑ ማለት ነው። ካስፈለገ ከዚያም አልፎ ምላጩ ወደ ተቃራኒው ይዞርና አየሩን ወደ ፊት ይገፋል። የሰማሽው ድምፅ የዚህ ነው። የአጎቴ ከባድ ማርሽ እኮ ነው!

ባለ ጄቶቹ፣ ቦሌ የምታያቸው 737ም ሆነ 787፣ ዘዴያቸው ሌላ ነው። ምላጭ የሚዞርበት ነገር የለም። የሞተሩ ሽፋን ከኋላ በኩል ተከፍቶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ውስጡ ያሉ በሮች መንገዱን ይዘጋሉ። አየሩ መውጫ ሲያጣ በጎን በኩል ወደ ፊት ይወጣል። ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ የሚዞር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይዞርም። ትኩሱ ጭስም በነበረበት ወደ ኋላ ይሄዳል። አቅጣጫ የሚቀይረው ከፊት ያለው ትልቅ ማራገቢያ የሚገፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። የግፊቱ አብዛኛው ድርሻም የእሱ ነው። ፍጥነቱ ሲበርድ፣ 60 ኖት አካባቢ፣ ፓይለቱ ይቀንሰዋል። በዝግታ እየሄደ አየር ወደ ፊት ቢረጭ አቧራውንና ጠጠሩን አስነስቶ መልሶ ይውጠዋል። ያ ጠጠር ደግሞ ሞተር ውስጥ ሲገባ ማታ የምንጠራው እኛ ነን።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ግምት ይሳሳታል። ጄት ላይ ጩኸቱ ነው የሚያቆመው ይባላል። አይደለም። በደረቅ ማኮብኮቢያ ላይ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ድምፁ የማይሰማው የጎማ ፍሬን ነው። አምራቾች አንድ ጄት በደረቅ መሬት በስንት ሜትር እንደሚቆም ሲፈተሹ ያንን ጩኸት አይቆጥሩትም፤ በፍሬንና በስፖይለር ብቻ ነው የሚለካው። ያ የተለካው ርቀት ደግሞ ከማኮብኮቢያው 60 በመቶ ውስጥ መውደቅ አለበት። እርጥብ ከሆነ በሚያስፈልገው የማኮብኮቢያ ርዝመት ላይ ሌላ 15 በመቶ ይታከላል። ሞተሩ የሚያግዘው ከዚህ ሁሉ በላይ እንደ ትርፍ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው አውቶማቲክ ፍሬኑ ነው። 737 ላይ ፓይለቱ ከማረፉ በፊት 1፣ 2፣ 3 ወይም ከፍተኛ ብሎ ይመርጣል። የሚመርጠው የፍሬኑን ጉልበት አይደለም። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንዲቀንስ ነው። ሞተሩ ከረዳ ፍሬኑ ላላ ይላል፤ ካልረዳ ጠበቅ ያደርጋል። ስለዚህ ጩኸቱ ኖረም አልኖረም አውሮፕላኑ የሚቆመው እዚያው አካባቢ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ፍሬኑ ስንት ዲግሪ ሞቆ እንደሚመጣ ነው። ክረምት ላይ ማኮብኮቢያው ሲንሸራተት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጎማው የሚይዘው ሲያጣ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዋና ይሆናሉ። እነሱ መሬት አያስፈልጋቸውም።

ዝናብ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ጎማ በውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት የሚወሰነው በውስጡ ባለው ግፊት ነው። የቆየች ቀመር አለችን፦ የግፊቱን ስኩዌር ሩት በ9 ማባዛት፣ መልሱ በኖት ይወጣል። ጎሚስታው መኪናሽን 32 ፓውንድ ከሞላልሽ ወደ 51 ኖት ይመጣል፤ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር። ከ200 ፓውንድ በላይ ያልተለመደ አይደለም ለትልልቆቹ ጄቶች። 200 ብንል 127 ኖት ይሆናል። እኛ ጎማ ውስጥ የምንሞላው ናይትሮጅን ነው፤ እሳት አያቀጣጥልም። ቁጥሩን አንድ ሰው አሳስቶ ቢሞላ በዝናብ ቀን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደሚያስፈራሽ ጥያቄ። ፍሬኑ እንቢ ቢልስ?

ፍሬኑን ከቅርብ ላሳይሽ። ቸርኬው ውስጥ የተደራረቡ ዲስኮች አሉ። ጥቁር ናቸው፤ በዘመናዊዎቹ ላይ ካርቦን ነው። አንዱ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ቀጣዩ ቆሞ ይቀራል፣ ቀጣዩ ይዞራል። እንደ ተደራረበ የእንጀራ ክምር። ዙሪያውን ያሉ ፒስተኖች፣ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች በሃይድሮሊክ፣ በዘይት ግፊት ማለት ነው፣ ሲገፏቸው ክምሩ ይጨመቃል። ታምቡርና የፍሬን ሸራ የለም። ከክምሩ ጫፍ አንዲት ቀጭን ዘንግ ብቅ ትላለች። ዲስኮቹ ሲበሉ ዘንጓ ወደ ውስጥ ትገባለች። ማታ አውሮፕላኑ ሲቆም የፓርኪንግ ፍሬኑ እንዲያዝ እናስደርጋለን፤ ባትሪ ይዤ ቁጢጥ እላለሁ፣ ዘንጓን አያለሁ። ከማቀፊያዋ ጋር እኩል ከሆነች በቃ፣ ይቀየራል። ለዚህች ዘንግ ሲባል ስንት ሌሊት እንደተንበረከኩ ጉልበቴ ያውቃል።

ታዲያ ይህ ካርቦን ከመኪናው ፍሬን በጠባይ ይለያል። ሹፌር ነካ ነካ ማድረግ ይወዳል። ካርቦን ግን ነካ ነካ አይወድም። የሚበላው ከሙቀቱ ይልቅ በተነካ ቁጥር ነው። አንዴ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻለዋል። ካረፈ በኋላ ወደ ተርሚናል ሲሄድ እየተነካካ የሚመጣ አውሮፕላን ፍሬኑን ይጨርሰዋል። ይህን ለፓይለቶች ስነግር ይስቃሉ፤ ግን ያውቁታል።

መሰበሩን በተመለከተ፣ የአውሮፕላን ፍሬን በአንድ መስመር ላይ አልተንጠለጠለም። አንዱ ሃይድሮሊክ ቢጠፋ ሌላ መንገድ አለ። ሁሉም ቢጠፋ እንኳ በታመቀ ጋዝ ግፊት የሚያስቀምጥ ማከማቻ አለ፤ ለተወሰነ ጊዜ ፍሬን ይሰጣል። በአንዳንዶቹ ላይ ይህ መጠባበቂያ ጎማ ቆሞ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀውን ሲስተም አይጠቀምም። በእነሱ ላይ ፓይለቱ በስሱ ነው የሚይዘው።

እኔን የሚያሳስበኝ እንቢ ማለቱ ሳይሆን መሞቁ ነው። ቸርኬው ላይ ትንንሽ ቡሎን መሳይ ነገሮች አሉ፤ ውስጣቸው በሙቀት የሚቀልጥ ብረት ነው። ቸርኬው በጣም ሲግል ይቀልጡና ናይትሮጅኑን ቀስ አድርገው ይለቁታል። ጎማው ይተኛል እንጂ አይፈነዳም። ቢሆንም እኛ ወደጋለ ጎማ ስንሄድ ከፊት ወይም ከኋላ ነው፤ ከጎን አንቆምም። ቸርኬ ከተሰበረ የሚወረወረው ወደ ጎን ነው። ይህን ያስተማረኝ ሽማግሌ መካኒክ እጄን ይዞ ወደ ኋላ ጎትቶኝ ነበር፤ ሳላስበው በጎን እየቀረብኩ።

አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ለፈቃድ ሲፈተሽ ደግሞ ፍሬኑን ማሰቃየት ነው የሚያደርጉት። ዲስኮቹ እስከ መጨረሻው ተበልተው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደት ተጭኖበት፣ ሊነሳ ሲል ያስቆሙታል። ዲስኮቹ ፍም ይመስላሉ። ከዚያ ለ5 ደቂቃ እሳት አደጋ ሠራተኛ እንዳይነካው ይደረጋል። በዚያ 5 ደቂቃ ውስጥ እሳቱ ከጎማው አልፎ ወደ አውሮፕላኑ መዛመት የለበትም። ከማረፍ ጋር ሲነጻጸር ያ እጅግ ከባድ ነው፤ ነዳጁ ገና አልተቃጠለምና ክብደቱ ሙሉ ነው። እናትሽ ኮምቦልቻ ሲያርፉ ፍሬኑ የሠራው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

በሚቀጥለው ስትመጡ ከቻልሽ እናትሽን መስኮት ዳር አስቀምጫቸው፣ ከፕሮፔለሩ ትንሽ ወደ ኋላ። ኪው 400 ክንፉ ከላይ ነው፤ ዋናው ጎማ የሚወርደውም ከሞተሩ ሥር ነው። ሳጥኑ ሲከፈትና እግሩ ሲዘረጋ ያዩታል። መሬት ሲነካ ጭሷ ቡፍ ትላለች። ከዚያ የፕሮፔለሩ ድምፅ ይቀየራል። ይሄኔ «እማዬ፣ ከባድ ማርሽ አስገባ» በያቸው፤ ሐረጎን ለሚያውቁ ሰው ይገባቸዋል።